የእመቤት አሊስ ዐሥረኛ ግልባጭ

ጡረተኛው መምህር አምብሮዝ ጉች የእመቤት አሊስን የናስ ምስል፣ በላዩ ወረቀት ዘርግቶ በጥቁር ሰም በማሸት፣ ዘጠኝ ጊዜ ገልብጦታል። ዘጠኙም ወረቀቶች ተጠቅልለው መኝታ ክፍሉ ካለው ቁም ሣጥን ላይ ተደርድረዋል። ታዲያ በዚያ የፌብሯሪ ብርድ፣ በሰባ አንድ ዓመቱ፣ ጉልበቱ እያመመው፣ ዐሥረኛውን ለመሥራት ሃውቶርፕ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ለምን ተንበረከከ? ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አስከሬኑ ሲገኝ፣ መልሱን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ዝም ብሏል። ሌሎቻችን የመንደሩ ሰዎች ገና መጠየቁንም አላሰብነውም።

በጎኑ ተጋድሟል። ጫማውን አውልቆ ከመቀመጫዎቹ ሥር ጎን ለጎን አስቀምጦታል፤ ምስሉን እንዳይጭረው ናስ የሚገለብጥ ሰው ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል። ጭንቅላቱ ወደ መንበሩ ከሚያስወጣው ደረጃ ማዕዘን አጠገብ ነው። ድንጋዩ ላይ ከመዳፍ የማትበልጥ ደም ረግታለች። እጆቹ በጥቁር ሰም ጠቁረዋል። ከክርኑ ሥር ቀይ እርሳስ ወድቋል። አጠገቡ፣ ወለሉ ውስጥ በተቀበረው የናስ ምስል ላይ፣ ነጭ ወረቀት በአራት ማዕዘኑ በፕላስተር ተይዞ ተዘርግቷል። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የሞተችው እመቤት አሊስ ከነሻሿ፣ ከተጣመሩት እጆቿና ከእግሯ ሥር ከተኛው ውሻዋ ጋር ጥቁር ሆና ወጥታበታለች። ሥራው አልቋል።

ሳጅን ሙሪየል ላርተር ከኖርዊች ከተማ የደረሰችው ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ነው። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ የሥጋ ሻጭ ልጅ፣ አጭር፣ የወንድ የዝናብ ካፖርት የምትለብስ። ሰው ስትጠይቅ ከፊቱ ይልቅ እጁን ታያለች።

«ተንሸራቶ ነው» አለ የመንደሩ ፖሊስ ኮንስታብል ጎትስ። «ሽማግሌ ሰው፣ በካልሲ፣ የተወለወለ ድንጋይ ላይ። ለዚህ ብዬ ነው ምሳዬን ትቼ የመጣሁት።»

«የካፖርቱን ቁልፍ አየኸው?»

«የቱን?»

«የሌለውን።»

ጎትስ ጎንበስ አለ። ደረቱ ላይ፣ ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ በነበረበት ቦታ፣ የተበጠሰ ክር ብቻ ተንጠልጥሏል።

«ሰው ተንሸራቶ ሲወድቅ የደረቱ ቁልፍ አይበጠስም» አለች። «አንድ ሰው በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞት ነበር። ይሄ ቀይ እርሳስስ? ወረቀቱ ላይ ቀይ የሚባል ነገር የለም።»

«ለጋዜጣ እንቆቅልሽ ይዞት ይሆናል።»

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በሰም እጁ?»

ተንበርክካ የአንዱን ማዕዘን ፕላስተር በጥፍሯ ቀስ አድርጋ አነሳች። ከሥሩ፣ ወረቀቱ ላይ፣ ከአዲሱ ፕላስተር ትንሽ ዘወር ያለ ቢጫ ምልክት አለ። ሌሎቹንም ሦስት ማዕዘኖች አየች፤ ሁሉም ጋ አለ። ምንም ሳትል ወረቀቱን ራሷ ጠቀለለችና በብብቷ ያዘችው።

አስከሬኑን ያገኘው ስታን ካችፖል ነው፤ መቃብር የሚቆፍር፣ ምድጃውን የሚያነድ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የሚይዝ ሰው። ከኋላ መቀመጫ ላይ ቆቡን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«መንደሩ ሁሉ ገዳዩ እኔ ነኝ ሊል ነው» አለ ገና ሳትጠይቀው። «አዎ፣ መጠጥ ቤት ብያለሁ። በገዛ ወረቀቱ ጠቅልዬ እቀብረዋለሁ ብያለሁ። ለሚስቴም ከዚህ የባሰ ብያት አውቃለሁ፤ እሷ ግን አሁንም በሕይወት አለች፣ ድስትም ትወረውርብኛለች።»

«ምን አጣላችሁ?»

«የሬሳ ሣጥን ማስቀመጫውን በሴትዮዋ ላይ ጎተትክ ብሎ ለቄሱ ከሰሰኝ። በምንጣፍ የተሸፈነች ናት እኮ! ዓመቱን ሙሉ ማንም አያያትም። ለእሱ ግን ሚስቱ ነበረች ማለት ይቻላል።»

«ዛሬ መቼ አየኸው?»

«አምስት ሰዓት ላይ፣ ከሰል ልጨምር ስገባ። እስከ ወገቧ ደርሶ ነበር። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቷል። ‹ደግሞ ልታገቢው ነው?› አልኳት ለሴትዮዋ፣ እንዲሰማ። ሌላ ቀን ቢሆን ይሰድበኝ ነበር። ዛሬ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ታሟል መሰለኝ።» ቆቡን አገላበጠው። «ሁልጊዜ መጥፎ ሰው አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት ናሷ ላልቶ ይንኳኳ ነበር። እኔና እሱ ተንበርክከን አራት አዲስ ምስማር መታንላት። ያን ዕለት ቢራ ገዛልኝ።»

«አራት ምስማር?»

«ድሮ ሦስት ነበራት። አራት ጨመርን። ቁጠሪያቸው፣ ውሸቴን ከሆነ።»

ላርተር እጁን አየችው። ጥቁር ነው፣ ግን በከሰል አቧራ እንጂ በሰም አይደለም።

ረቡዕ ጠዋት የሟቹ እህት ሂልዳ ጉች ወጥ ቤቷ ውስጥ ድንች ትልጥ ነበር። ለሁለት ሰው የሚበቃ ድንች ከላጠች በኋላ እጇ ቆመ፤ ግማሹን ወደ ጎን ገፋችው። ስድሳ አራት ዓመቷ ነው። የወንድሟን ቤት ሠላሳ ዓመት አስተዳድራለታለች።

«ተቀመጪ፣ ልጄ። ወንበሩ ላይ ያለውን አንሺው፣ የእሱ ሹራብ ነው።»

ላርተር ሹራቡን ታቅፋ ተቀመጠች።

«ሚስ ጉች፣ ሰሞኑን ወንድምዎ እንዴት ነበሩ?»

«ዝም ብሎ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ያንን አጉሊ መነጽር ይዞ የመጽሐፉን ሥዕሎች ሲያይ ነበር። እሱና ሞሪስ የሚያዘጋጁት መጽሐፍ፤ የኖርፎክ ክፍለ ሀገር የናስ ምስሎች ግልባጭ በሙሉ የሚገቡበት። ሃያ ዓመት ሠርተውበታል። እሑድ ዕለት ሞሪስ ምሳ ሲበላ አምብሮዝ አንድ ቃል አልተናገረም። መረቁን ብቻ አቀበለው።»

«ሞሪስ ማን ነው?»

የሂልዳ ጉንጭ ቀላ። «ዶክተር ሞሪስ ኬት። የአምብሮዝ ጓደኛ። ሃያ ስድስት ዓመት፣ አንድ እሑድ ሳያስቀር፣ ከዚህ ገበታ ላይ ነው የበላው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ…» እጇን በመሐረቧ ጠረገች። «ትናንት ለማስተዛዘን መጣ። አለቀሰ፣ እንደ ሕፃን። ከዚያ ‹ሂልዳ፣ እዚህ ብቻሽን አትቀሪም፤ አግቢኝና ወደ እኔ ቤት ነይ፤ የአምብሮዝንም ወረቀቶች አብረን እንጠብቃለን› አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«ዓርብ እመልስልሃለሁ አልኩት። እንደዚህ ያለ ጥያቄ ሌላ አይመጣልኝም፣ አውቃለሁ። ይህንን ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠብቄዋለሁ፤ ለሰው ግን አትንገሪብኝ። ብቻ የወንድሜ ገዳይ ሳይታወቅ፣ ነገ ከማን ጋር ገበታ እንደምቀርብ ሳላውቅ፣ እሺ ለማለት አፌ አልከፈት አለ። ስታን ከሆነ ንገሪኝ። ቄሱም ከሆኑ ንገሪኝ። እስከ ዓርብ ልወቅ።»

«እስከ ዓርብ» አለች ላርተር። «ማክሰኞ ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት የሆነ ነገር ነበር?»

«ስልክ ደወለ። እኔ ደረጃውን ስጠርግ የሰማሁት መጨረሻውን ነው። ‹አዎ፣ ዛሬውኑ። ሌላ ሰው ሳያየው። ያንተንም ይዘህ ና› አለና ዘጋው።»

«ያንተንም ምን?»

«የጉልበት ትራስ መሰለኝ። ቄሱንም ‹አንተ› ነው የሚላቸው፤ ወለሉ ላይ ሊያንበረክካቸው ነው ብዬ ሳቅኩ እንኳ።» ፊቷ ተጨማደደ። «ሳቅኩ እኮ።»

ላርተር ወደ ላይ ወጥታ ቁም ሣጥኑ ላይ ያሉትን ግልባጮች ቆጠረች። ዘጠኝ። ጠረጴዛው ላይ የመጽሐፉ ሥዕሎች ተዘርግተዋል፤ አጉሊ መነጽሩ አንደኛው ላይ አርፏል። ከሥሩ «የተርንቢ እመቤት፤ ምስሉ ከጦርነቱ በፊት ተሰርቆ ጠፍቷል። ግልባጭ፦ ኤም. ኬት፣ 1937» የሚል ተጽፏል። ብዙ አየቻት። በግራ እጅጌዋ ላይ፣ ከጥቁሩ መካከል፣ የወፍ እግር የመሰለች ባለ ሦስት ጣት ቀጭን ነጭ ጭረት አለች።

ቄስ ፔቨርል ጉንፋን ይዟቸዋል። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆስፒታል ከአንዲት ምእመን አልጋ አጠገብ ነበሩ፤ ሦስት ነርሶች አይተዋቸዋል።

«ስልክ? እኔ ጋ? በፍጹም» አሉ። «እዚህ ከተመደብኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። አምብሮዝ ይህን ጥበብ ሊያስተምረኝ ሞክሮ ነበር። ጉልበቴ ለጸሎት እንኳ ያስቸግረኛል ብዬ አመለጥኩ። በዚህ ነገር ትልቁ ሰው ዶክተር ኬት ናቸው። ለፋሲካ የክፍለ ሀገሩ ሙዚየም በስማቸው አዳራሽ ይከፍታል። የተርንቢዋ እመቤት ግልባጭ መሐል ላይ ትሰቀላለች። በዓለም ላይ የቀረው ምስሏ ያ ብቻ ነው እኮ!»

የሞሪስ ኬት ቤት ኖርዊች ውስጥ ነው፤ ረጅም፣ ጠባብ፣ በወረቀት ጥቅል የተሞላ። ከወለል እስከ ጣሪያ በተሠሩ መደርደሪያዎች ላይ ጥቅሎቹ ጫፋቸውን ወደ ውጭ አድርገው ተኝተዋል። እያንዳንዱ ጫፍ ላይ በክር የታሰረ ምልክት አለ፦ ቦታ፣ ስም፣ ቀን፣ የሠራው እጅ።

«አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት» አለ ኬት። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ነጭ ጢም፣ ለስላሳ ድምፅ፣ ንጹሕ ረጃጅም ጣቶች። «ይቅርታ፣ ወይን እንኳ አላቀረብኩልዎትም። ከማክሰኞ ጀምሮ እጄ ምን እንደሚሠራ አላውቅም።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያገኟቸው መቼ ነው?»

«እሑድ፣ ምሳ ላይ። ማክሰኞ ሂልዳን ለማስተዛዘን እስክሄድ ድረስ ከቤት አልወጣሁም፤ ብርዱን ያውቁታል። እሱ ግን እብድ ነበር፣ በዚያ ብርድ ይንበረከካል! የሃውቶርፕ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እኔ ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ሳጅን፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ያ የመጨረሻ ወረቀቱ… ጉዳዩ ሲዘጋ ለእኔ ቢሰጠኝ? ሙዚየም ውስጥ በስሙ እሰቅልለታለሁ። ከእኔ ሌላ ዋጋውን የሚያውቅለት ሰው የለም።»

«እንዴት ያለ ጓደኛ ነበሩ ለእሳቸው» አለች ላርተር።

ይህንን ስትል ከልቧ ነበር ወይስ አልነበረም፣ እሷም በኋላ ስትጠየቅ እርግጠኛ አልነበረችም። ሰውየው ደስ ይላል። እንባውም እውነተኛ እንባ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሃውቶርፕ ነዳች። ስታን ምንጣፉን ገለጠላት። ከአምብሮዝ ቤት ባመጣችው ወረቀት እመቤት አሊስን ሸፈነች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ተንበረከከችና የሰሙን ቁራጭ ያዘች።

«እንደሱ አይደለም፣ ትቀጂዋለሽ!» አለ ስታን። «በጠፍጣፋው በኩል። ቀስ። ሰውየው እንደሱ ነበር የሚያደርገው።»

«ትጠላው አልነበር?»

«ብጠላውስ፣ ዓይን የለኝም?»

ሰሙ ናሱ ከፍ ብሎ ባለበት ሁሉ ጥቁር ያወጣል፤ የተቀረጸው መስመርና ጭረቱ ሁሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የሥራው ምሥጢር ይኸው ነው፤ እጅ የሚጨምረው ነገር የለም፣ ወረቀቱ ያገኘውን ሁሉ ይናገራል። ላርተር አንድ ሰዓት ሙሉ አሸች። ወገቧ ተቆረጠ። ስትጨርስ ማክሰኞ የጠቀለለችውን ወረቀት ከጎኑ ዘረጋችና ሁለቱን ተራ በተራ አየች።

«ስታን፣ ምስማሮቹን ቁጠርልኝ። እዚህኛው ላይ።»

«ሰባት።»

«እዚያኛውስ?»

ስታን ጣቱን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ቆቡን አወለቀ።

ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አራት ሰዎች ከመንበሩ ፊት ባሉት መቀመጫዎች ላይ ተቀመጡ፦ ሂልዳ በጥቁር ልብስ፣ አጠገቧ እጇን የያዛት ሞሪስ ኬት፣ ቄሱ ከነመሐረባቸው፣ ስታን፤ በሩ አጠገብ ደግሞ ጎትስ ቆመ። ወለሉ ላይ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል።

«ሚስ ጉች እስከ ዓርብ ልወቅ ብለውኝ ነበር» አለች ላርተር። «ስለዚህ በአጭሩ እናገራለሁ። የመጀመሪያው ነገር ቀይ እርሳሱ ነው። ሚስተር ጉች የያዙት ወረቀት ላይ ምልክት ለማድረግ ነው። እኛ ያገኘነው ወረቀት ላይ ግን ምልክት የለም። ሁለተኛው፣ ወረቀቱ በማዕዘኖቹ ላይ የቆየ ፕላስተር ያስቀረው ቢጫ ምልክት አለበት። ማለት ሁለት ጊዜ ነው የተለጠፈው፤ አንዴ ከብዙ ዓመት በፊት፣ አንዴ ማክሰኞ።»

«አምብሮዝ አሮጌ ወረቀት ይጠቀም ነበር፤ ቆጣቢ ሰው ነበር» አለ ኬት በለስላሳው ድምፁ።

«እኔም እንደዚያ አሰብኩ። ስለዚህ ወደ ሦስተኛው ሄድኩ። ስታን፣ ያልከኝን በልላቸው።»

ስታን ጉሮሮውን ጠረገ። «ከሦስት ዓመት በፊት አራት ምስማር መታንላት። ሦስት የነበራት ሰባት ሆነ። እያንዳንዱ ምስማር ወረቀቱ ላይ እንደ ቀለበት ይወጣል። የሳጅኗ ወረቀት ላይ ሰባት አለ። ከሬሳው ጎን የነበረው ላይ ሦስት ነው።»

ቄሱ ሊያስነጥሳቸው የነበረው ጠፋባቸው።

«ማክሰኞ የተሠራ ወረቀት ከሦስት ዓመት በፊት የተመቱ ምስማሮችን ሊዘልል አይችልም» አለች ላርተር። «ስለዚህ ይህ ወረቀት አሮጌ ነው። ሚስተር ጉች ሲሠሩበት የነበረውን አንድ ሰው ወስዶ ይህንን ተካበት። ዝም ብሎ ይዞ መሄድ አይችልም፤ አምስት ሰዓት ላይ ስታን ሥራውን አይቷል፣ ወረቀቱ ቢጠፋ እንጠይቃለን። ታዲያ የእመቤት አሊስ አሮጌ ግልባጭ ያለው ማን ነው? የሚስተር ጉች ዘጠኙም ቤታቸው ናቸው። ቄሱ ሠርተው አያውቁም። ስታን የለውም። ደግሞም ምስማሮቹን ራሱ የመታ ሰው ሦስት ምስማር ያለው ወረቀት አይለጥፍም። ይህን ስህተት የሚሠራው ድሮ እዚህ የገለበጠ፣ ከዚያ በኋላ ግን ምንጣፉን ገልጦ ያላየ ሰው ነው።»

ሂልዳ እጇ በኬት እጅ ውስጥ እንዳለ ነው። ገና አልገባትም። ወይም ገብቷት እጇ አልታዘዝ ብሏታል።

«ስልኩ ደግሞ አለ» ላርተር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «‹ያንተንም ይዘህ ና።› የጉልበት ትራስ አልነበረም፣ ሚስ ጉች። ያንተንም ግልባጭ ማለታቸው ነው።»

«ግን ለምን?» አሉ ቄሱ። «ስለ አንድ ወረቀት?»

«ስለ አንድ ጭረት። እዩት፣ እመቤት አሊስ ግራ እጅጌ ላይ የወፍ እግር የመሰለ ጭረት አለ። የተርንቢዋ እመቤት እጅጌ ላይም ያው ጭረት አለ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ። ሁለት ናሶች፣ በሃያ ማይል ተራርቀው፣ አንድ ዓይነት ጭረት ሊኖራቸው አይችልም። የተርንቢዋ እመቤት ግልባጭ ተርንቢ ሄዶ አያውቅም። እዚህ ነው የተሠራው፤ ሰውነቷ ከእመቤት አሊስ፣ ፊቷና ውሻዋ ከሌላ ናስ ተቆርጦ። ሚስተር ጉች መጽሐፉን ሲያዘጋጁ ይህንን በአጉሊ መነጽር አዩ። መጀመሪያ ዓይናቸውን አላመኑም። ጭረቱ የወረቀት እጥፋት ይሆናል ብለው ናሱን ራሱን በጣታቸው ሊዳስሱ መጡ። ካረጋገጡ በኋላ ቀይ ከበቡበት። ለሙዚየሙ አልደወሉም፣ ለጋዜጣም አልጻፉም። ጠዋት ከቤት ሳይወጡ የደወሉት ለጓደኛቸው ነው። ሌላ ሰው ሳያየው ና አሉት።»

ኬት የሂልዳን እጅ ለቀቀ።

«ግምት ነው» አለ። «የሚያምር ግምት።»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ እርስዎ ወደዚህ ለመምጣት ሲነሡ፣ ሁለት ባልደረቦቼ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዘው ቤትዎ ገብተዋል» አለች ላርተር። «ምድጃውን እንዳያዩ ነገርኳቸው። ‹ቢያቃጥለው ኖሮ አናገኘውም ነበር፣ ግን አላቃጠለውም› አልኳቸው። ናስ የሚገለብጥ ሰው ደህና የወጣ ግልባጭ አይቀድም። መደርደሪያዎቹን እዩ አልኳቸው። ጎትስ!»

ጎትስ ከበሩ ጀርባ አንድ ጥቅል አምጥቶ ሰጣት። ወለሉ ላይ ከሁለቱ ጎን ዘረጋችው። እመቤት አሊስ፣ ሰባት ምስማር፣ እጅጌዋ ላይ ቀይ ክብ፣ ከጎኑ በአምብሮዝ ጉች የመምህር ጽሑፍ አንድ መስመር፦ «ሞሪስ፣ ይህን እንዴት ልረዳው?»

«ጫፉ ላይ ምልክት ታስሮበታል» አለች ላርተር፣ አነበበችውም፦ «‹ሃውቶርፕ። እመቤት አሊስ። ፌብሯሪ 1972። በአምብሮዝ ጉች እጅ።› የእርስዎ ጽሑፍ ነው፣ ዶክተር። ያለ ምልክት መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አልሆነልዎትም።»

ሞሪስ ኬት ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ላይ የታየው ፍርሃት አልነበረም። ይህንን ስታን እስከ ዛሬ በመገረም ያወራዋል። ሰውየው ወረቀቱን እያደነቀ ነበር።

«በዚያ ብርድ ሰም ይደርቃል» አለ ቀስ ብሎ። «እንደዚህ አድርጎ ማውጣት የሚችለው እሱ ብቻ ነበር። መቅደድ አልቻልኩም።» ከዚያ፣ ለማንም ሳይሆን፦ «መጽሐፉን አላሳትምም አለኝ። ሃያ ዓመት የሠራነውን። ከመጽሐፉ ያቺን አንዲት ገጽ አውጣና እንርሳው ብዬ ለመንኩት። ካፖርቱን ይዤ ነቀነቅኩት። ሰውነቱ ያን ያህል ቀላል መሆኑን አላወቅኩም ነበር።»

«ወዲያው ነው የሞተው?» አሉ ቄሱ ሳያስቡት።

ላርተር መልስ ለመስጠት አልፈለገችም። ዓይኗ ሂልዳ ላይ ነበር። ሂልዳ ግን ራሷ ጠየቀች፦ «ንገሪኝ፣ ልጄ። እስከ ዓርብ ሁሉንም ንገሪኝ ብዬሻለሁ።»

«አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበሩ ይላል።»

ግማሽ ሰዓት። ኬት ወደ መኪናው ሄዶ ተመልሷል። ወረቀቱን ነቅሏል፣ ሌላውን ለክቶ አስተካክሏል፣ አራት ፕላስተር ቆርጧል። ሰዎቹ ሁሉ ይህንን በየልባቸው ቆጠሩት።

ጎትስ ኬትን በክንዱ ይዞ ሊያስነሣው ሲል ሂልዳ ቀና አለች።

«ሞሪስ፣ ዛሬ ዓርብ ነው» አለች። «መልሴን አልጠየቅከኝም።»

ኬት ወለሉን እያየ ወጣ።

በበጋ ፍርድ ቤቱ ዘጠኝ ዓመት ፈረደበት። ሙዚየሙ አዳራሹን በሌላ ሰው ስም ከፈተው። ችሎቱ ላይ ሞሪስ ኬት ስለ ተርንቢዋ እመቤት ሁለት ቀን ሙሉ ተናገረ፤ እንዴት እንደቆረጠ፣ እንዴት እንዳጋጠመ፣ በ1948 እንዴት ወጣትና ስመ ጥር ለመሆን እንደቸኮለ። ስለዚያ ግማሽ ሰዓት ሲጠየቅ ግን «አላስታውስም» አለ፤ ጠበቃው ተነሥቶ ተቃወመ፤ ዳኛው ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

ሂልዳ በጁላይ አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ቀደደችው። የመጀመሪያው ስድብ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ስለ ሃያ ስድስት ዓመት እሑዶች ነበር። ሦስተኛው ላይ «ከእኔና ከወረቀቶቹ የትኛውን ነበር የፈለግከው?» ብላ ከጻፈች በኋላ መልሱ ምንም ቢሆን እንደማይጠቅማት ገባት። አራተኛው አጭር ነው፦

«ሞሪስ፣ የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይቅርታም ቁጣም የለበትም። አንተ ፕላስተሩን ስትቆርጥ አምብሮዝ ተናግሮ ነበር? ከተናገረ ምን አለ? አንድ ቃልም ብትሆን ጻፍልኝ። የሰማኸው አንተ ብቻ ነህና የእኔ ናት። ሂልዳ።»

ራሷ እስከ ፖስታ ቤት ወስዳ በአደራ ላከችው። ከዐሥር ቀን በኋላ የመረከቢያው ወረቀት ተመለሰላት፤ እስረኛው ደብዳቤውን በእጁ መቀበሉን በዚያ በምታውቀው ጥሩ ጽሑፍ ፈርሞበታል። ከዚያ ወዲህ ፖስተኛው በየጠዋቱ በብስክሌቱ አልፏል፤ የጋዝ ክፍያ መጠየቂያ፣ ከላርተር የገና ካርድ፣ ከቄሱ የበዓል መርሐ ግብር አድርሷታል። ከሞሪስ ኬት ምንም አልመጣም።